የዶና ኑንዚያታ ግራ እጅ

«ለተከበራችሁ የዘጠኝ ቁጥር ሕንፃ ነዋሪዎች፣ ለአጎራባች ሕንፃዎችና ለመላው የሰፈራችን ሕዝብ፤ ከዛሬ ጀምሮ በግቢያችን መካከል በሚገኘው የጉድጓድ ክዳን ላይ አንድ የሎሚ ተክል ከነማሰሮው የተቀመጠ መሆኑን በጥልቅ ስሜት እናስታውቃለን። ማሰሮውን ማንቀሳቀስ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።»

ማስታወቂያው የተለጠፈው ከትልቁ በር ግራና ቀኝ፣ የሞተ ሰው ስም በሚለጠፍበት ግድግዳ ላይ ነው። ዙሪያውን ጥቁር መስመር ነበረው፤ ማተሚያ ቤቱ ሌላ ዓይነት ወረቀት ጨርሻለሁ አለ። በዚያ ሳምንት ሦስት አሮጊቶች ቆመው አንብበው፣ ሎሚው ስንት ዓመቱ እንደነበር ጠይቀው፣ አማትበው አልፈዋል።

ጽሑፉን ያረቀቁት ዶን አቲሊዮ ናቸው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጡረተኛ አስተማሪ። እኔ ሊቦሪዮ እባላለሁ፣ ጓንት ቆራጭ ነኝ። ምድር ቤት በሯ ወደ ግቢው የምትከፈት አንዲት ክፍል አለችኝ፤ ቆዳ የምወጥረውም፣ የምቆርጠውም፣ የምተኛውም እዚያው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው እጅ ሳይ ስለኖርኩ ፊት ብዙም አልይዝም። ሰው ሰላም ሲለኝ መጀመሪያ እጁን አያለሁ፣ ከዚያ ስሙ ይመጣልኛል። ናፖሊ ውስጥ ይህ እንደ ጉድለት አይቆጠርም። እዚህ ሰው የሚናገረው በእጁ ነው፤ አፉን የሚጨምርበት ለሞቅታ ያህል ነው። በረንዳ ላይ የቆመን ሰው ፊቱ ሳይታየን እጁ ሲወዛወዝ አይተን ማን መሆኑን፣ ምን እንደበላና ከማን እንደተጣላ እናውቃለን።

ሎሚው ለምን እንደመጣ ግን ማስታወቂያው አይናገርም። የመጣው በኤርሲሊያ ምክንያት ነው።

ኤርሲሊያ የጎረቤቴ የዶና ኑንዚያታ አንድያ ልጅ ናት፣ ሃያ ዓመቷ። ጋስፓሬ የሚባል የትራም ነጂ ወዷታል፣ እሷም ወዳዋለች፤ ትራሙ የሰፈራችን ማቆሚያ ላይ ሲደርስ ደወሉን ያለ ምክንያት ሁለት ጊዜ ይደውላል። ከእሱ በፊት ሁለት ሰዎች ጠይቀዋት ነበር። የሁለቱም ቤተሰቦች «አባትየው የት ነው?» አሉ። «ቤልጂግ» አልን። እግዚአብሔር ይስጥልን ብለው ቡናቸውን ጠጥተው ወጡ፣ አልተመለሱም። አሁን ደግሞ የጋስፓሬ እናት ቶሬ ዴል ግሬኮ ከምትባለው ከተማ መልእክት ላኩ፤ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሁለተኛ እሁድ ከባለቤታቸው ጋር እንደሚመጡ፣ የአባትየውንም ቃል ሰምተው እንደሚወስኑ። ኤርሲሊያ ይህን የሰማች ዕለት ለእናቷ አንድ ነገር ብቻ አለቻት፤ «ይሄኛው ከሄደ ሌላ እንዳትጠብቂልኝ።» ዶና ኑንዚያታ ለሦስት ቀን ምግብ አልቀመሰችም።

አባትየው ሳባቲኖ ይባላል። ቤልጂግ፣ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ ነው የሚሠራው። በየወሩ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ዶን አቲሊዮ ግቢ ወርደው ጮክ ብለው ያነቡልናል። ቴምብር ስለሚሰበስቡ ፖስታውን ማንም አይቶት አያውቅም። ሳባቲኖ እዚህ በነበረበት ጊዜ ስሙን እንኳ መጻፍ አይችልም ነበር። ቤልጂግ ሰው ያስተምራል።

ድንጋይ በመጋዝ የሚቆርጥ ሰው ነበር፣ ግራኝ። መጋዙ አንድ ቀን የቀለበት ጣቱን ጫፍ ወሰደበት። ሌላው ሰው «ምንድን ነው የምትለው?» ሲል አምስቱን ጣት ወደ ላይ ይሰበስብና ከእጅ አንጓው ያወዛውዛል። ሳባቲኖ የሚሰበስበው አራት ጣት ነው፤ አምስተኛዋ ጉማጅ ለብቻዋ ጎንበስ ብላ ትቀራለች። የሚያወዛውዘውም ከክርኑ ነው፣ ቀስ አድርጎ፣ መጋዝ እንደሚስብ። ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ቢያደርገው እንኳ ሰው ይለየዋል። ሚስቱ ላይ እጁ ከባድ ነበር። ይህንን ከሰው ሰምቼ አይደለም፤ የእኔና የእነሱ ክፍል በአንድ ግድግዳ ነው የሚለየው።

የሄደው ከዘጠኝ ዓመት በፊት በነሐሴ፣ በእመቤታችን በዓል ማግስት፣ ከምሳ በኋላ ነው። ፀሐይ ግቢው መሃል ላይ ቀጥ ብላ የምትቆምበት፣ ሰው መስኮቱን ዘግቶ የሚተኛበት ሰዓት። ሁላችንም ተኝተን ነበር። ሕንፃው ያን ዕለት የተኛውን እንቅልፍ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ተኝቶት አያውቅም። ስንነሳ ሳባቲኖ ቤልጂግ ሄዷል። ኮቱንና ጫማውን ትቶ ነበር፤ እዚያ ይሰጣቸዋል አልን። በሳምንቱ የግቢውን ጉድጓድ በድንጋይና በሲሚንቶ ደፈንነው፣ ለሕፃናት ደኅንነት ሲባል። በሕንፃው ውስጥ የነበረችው ሕፃን ኤርሲሊያ ብቻ ናት፤ እሷም በዚያ ክረምት አክስቷ ዘንድ ነበረች።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ጀመረ። ከጾሙ በፊት የሚከበረው ካርኒቫል ባለፈ በሳምንቱ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ዶን አቲሊዮ ደብዳቤ ይዘው ወረዱ። ዶና ኑንዚያታ ግቢው ውስጥ ካለው የድንጋይ ገንዳ ላይ አንሶላ ታጥባለች። ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ዓሣ ሻጯ ዶና ብሪጂዳ በረንዳዋ ላይ ተደግፋለች። እኔ በሬ ላይ ቁጭ ብዬ ቆዳ እስባለሁ። ዶን አቲሊዮ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ማንበብ ጀመሩ። «ውድ ባለቤቴ ሆይ፣ የልጃችንን ጉዳይ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ አባቷ በሙሉ ልቤ...» እዚህ ላይ ሲደርሱ የዶና ኑንዚያታ ግራ እጅ ከሳሙናው ውሃ ውስጥ ወጣ።

አወጣችው አላልኩም። ፊቷ ማጠቡን አልተወም፣ ቀኝ እጇም አንሶላውን መፈተጉን አልተወም። ግራው ብቻውን ትከሻዋ ድረስ ከፍ አለ። አራት ጣቶች ተሰበሰቡ። የቀለበት ጣቷ ከመሃሉ ታጥፎ ለብቻው ቀረ። ከክርኑ፣ ቀስ ብሎ፣ ሦስት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ሄደ፤ ውሃው በክንዷ እየወረደ ይንጠባጠባል።

ምንድን ነው የምትለው?

ዶን አቲሊዮ ጣታቸውን በወረቀቱ ላይ ወደ ታች አንሸራተቱ። ከዚያ ሁለት አንቀጽ ዘለው ቤልጂግ ውስጥ ዝናብ እንደበዛ አነበቡልን።

በማግስቱ ዶና ብሪጂዳ እንደ ልማዷ ከበረንዳዋ ሆና ወደ ዶና ኑንዚያታ መስኮት ጠቋሚ ጣቷን ጉንጯ ላይ አሽከረከረች፤ ወጡ ጣፈጠ ወይ ማለቷ ነው። ዶና ኑንዚያታ በአፏ «ጥሩ ነው፣ ተመስገን» አለች። ግራ እጇ ግን ወደ አገጯ ወጣና በጣቶቹ ጀርባ ከሥር ወደ ፊት ጠረገው። ግዴለኝም፣ ከፊቴ ጥፊ ማለት ነው። ዶና ብሪጂዳ እንዲህ ተጠርጎባት የሚያውቀው በአንድ ሰው ብቻ ነበር። በሯን እንኳ ሳትዘጋ ወርዳ እኔ ክፍል ገባች፣ ቁጭ ይበሉ ሳልላትም ተቀመጠች።

«ማስትሮ ሊቦሪዮ፣ አይተዋል?»

«ምኑን?»

«እሱኑ።»

«ቆዳ እየቆረጥኩ ነበር» አልኳት።

«ያን ዕለትም ቆዳ እየቆረጡ ነበር።»

«ያን ዕለት ተኝቼ ነበር።»

«አዎ» አለች፣ «ሁላችንም።» ጨርሳ ለመውጣት ስትነሳ ሁለት እጇን ከመጎናጸፊያዋ ሥር ከታ ነበር። ዶና ብሪጂዳን እጇን ደብቃ ሳያት ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ቀስ በቀስ ደንቡን ደረስንበት። እጁ የሚመልሰው ለእጅ ብቻ ነው። በአፍ ብቻ ካነጋገርካት ዶና ኑንዚያታ ዶና ኑንዚያታ ናት፤ ጨዋ፣ ድምፀ ቀጭን፣ ስለ ቲማቲም ዋጋ የምታማርር ሴት። አንድ ጣት ካንቀሳቀስክ ግን የሚመልስልህ ሌላ ነው። ማንም ይህን በቃል አልተናገረም። እጃችንን ብቻ ኪስ ከተትን። ኪስ የሌለው ሽርጥ ውስጥ ከተተ። ከውጭ የሚመጣው አትክልት ሻጭ ቅርጫቱን በገመድ ወደ ላይ ስንስብ ዝም ማለታችንን አይቶ ማን ሞተ ብሎ ጠየቀ። ማንም አልሞተም፣ ብርድ ነው አልነው።

እውነት ለመናገር ኑሮ ከበደን። ድሮ በሁለት ጣት የሚያልቅ ጠብ አሁን ግማሽ ሰዓት ይፈጅ ጀመር። ዶና ብሪጂዳ ስለ ስኩዊድ ዋጋ በአፏ ብቻ ልታስረዳ ስትሞክር መሃል ላይ ደክሟት ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ዶን አቲሊዮ ደግሞ ጉዳዩን በሥርዓት ያዙት፤ የሠለጠኑ አገሮች ሰው እንደዚህ እጁን ሰብስቦ ነው የሚነጋገረው አሉ። ይህን ሲሉ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ሲፍጨረጨር በጨርቁ ላይ ይታየኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ነገሩ ይብስ ነበር። ዶና ኑንዚያታ መስኮቷ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣ ታንቀላፋለች። እሷ ታንቀላፋለች፣ ግራ እጇ አያንቀላፋም። ጥላው ማዶ ባለው ግድግዳ ላይ ይወድቃል፣ ከእሷ እጅ ይበልጣል፣ የአንዱ ጣት ጫፍ ይጎድለዋል። ይሰበሰባል፣ ይወዛወዛል። ያርፋል። እንደገና ይሰበሰባል። ምንድን ነው የምትሉት? ምንድን ነው የምትሉት? ግቢ ውስጥ ያለን ሰዎች ያን ጊዜ ሁላችንም ሥራ እናገኛለን። እኔ ቢላዬን እስላለሁ። ስል የነበረውን ቢላ ስስል ሳምንታት አልፈዋል።

የትንሣኤ ሳምንት ሊገባ ሲል ዶና ኑንዚያታ በሬ ላይ መጣች። ግራ እጇን በቀኟ ጨብጣ ይዛዋለች፣ ሰው የዶሮ ክንፍ እንደሚይዝ።

«ማስትሮ ሊቦሪዮ፣ ጓንት ይቁረጡልኝ። ጠበቅ ያለ። የግራ ብቻ።»

«ጓንት በጥንድ ነው» አልኳት።

«ቀኙን ለራስዎ ያስቀሩት። ሰዎቹ ሊመጡ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። ከልጄ ዕድል ላይ እጁን እንዲያነሳ ነው የምፈልገው።»

«ማን?»

አየችኝ። ዓይኗ ቡናማ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቅም ነበር። «ይለኩኝ» አለች።

መለኪያዬን አወጣሁ። የሴት እጅ መለካት ለእኔ እንጀራዬ ነው፣ ሺህ ጊዜ አድርጌዋለሁ። መዳፉ ቀዝቃዛ ነበር፤ እንደ ምድር ቤት ድንጋይ፣ እርጥብ ሳይሆን የእርጥብ ያህል ቀዝቃዛ። መለኪያውን ዙሪያውን አዞርኩ። ሁለቱም እጆቼ ሥራ ላይ ስለነበሩ ምንም አላልኩም፣ ምንም አልጠየቅሁም። እሱ ግን ከእጄ ወጥቶ ወደ እሷ ፊት ሄደ፤ ጠቋሚ ጣቱን ከዓይኗ ሥር አድርጎ ቆዳውን ወደ ታች ሳበው። የተሳበው ዓይን አፍጦ እኔን ነው የሚያየኝ። በእኛ ዘንድ ይህ ነቃ በል፣ ይሄ ሰው ብልጥ ነው ማለት ነው። ያየ ሰው፣ አይቶ ያላየ የሚመስል ሰው።

«ቁጥር ስድስት ተኩል» አልኩ። ድምፄ ደህና ነበር።

ከፍየል ግልገል ቆዳ ጥቁር ጓንት ቆረጥኩላት፤ ከአንጓው ላይ ሦስት ቁልፍ አደረግሁበት። ሠራ። ጓንቱ ውስጥ ሆኖ እጁ ከባድ ሆነ፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ የምትውልበት ነገር ሆነ። ሰፈሩ ትንፋሽ አገኘ። ዶና ብሪጂዳ በጥንቃቄ አንድ ጣቷን አወጣች።

ከአሥር ቀን በኋላ የአውራ ጣቱ ስፌት ተፈታና እንድጠግንላት ብላ አመጣችልኝ። ለምን እንዳየሁት አላውቅም፣ ሙያ ነው። ቆዳ ሲለበስ የሰውየውን ቅርጽ ይይዛል፤ የእያንዳንዱ ጣት መገጣጠሚያ ይታወቃል፣ ጫፉ ይለሰልሳል፣ ውስጡ ላብ ይጠጣል። ይህም ይዟል። አውራ ጣቱ፣ ጠቋሚው፣ መሃለኛው፣ ትንሿ። የቀለበት ጣቱ ጫፍ ግን እንደቆረጥኩት ዕለት ደርቆ ቆሟል። ገልብጬ አሸተትኩት። ማንም ገብቶበት አያውቅም። የዶና ኑንዚያታ ጣት ግን ሙሉ ነው፤ እኔ ራሴ ለክቼዋለሁ። ስፌቱን ጠገንኩና መለስኩላት።

እንግዶቹ ሊመጡ ሦስት ቀን ሲቀር ዶን አቲሊዮ ቤት ተሰበሰብን። ክፍሎቻችን ጠባብ ስለሆኑ ምሳው ግቢ ውስጥ እንዲሆን ተወሰነ። ያን ጊዜ ነው አንዱ ስለ ጉድጓዱ ክዳን ያነሳው፤ ሲሚንቶው ከድንጋዩ ሁሉ አዲስ ይመስላል፣ እንግዳ ዓይን ይጥልበታል ተባለ። ሎሚው የተወሰነው እዚያ ነው፣ ማስታወቂያውም። ከዚያ ዶን አቲሊዮ ለእያንዳንዳችን በዕለቱ የምንይዘውን አደሉን። ዶና ብሪጂዳ የፓስታውን ትሪ፣ የአራተኛ ፎቅ እህትማማቾች ማራገቢያና መቁጠሪያ፣ ጫማ ሠሪው የወይን ጠርሙስ፣ ሚስቱ ሹራብ፣ እኔ ባርኔጣዬን በሁለት እጄ። እሳቸው ደብዳቤውን።

«እጅ የሚያርፍበት ነገር ካለው አያወራም» አሉ።

ከዚያ ተለማመድን። ሳባቲኖ የሚሠራበት ማዕድን ስም፣ የሚያድርበት ቤት፣ ለምን ለሠርግ እንደማይመጣ፤ ሳንባው፣ አለቃው፣ ባቡሩ። ዶና ብሪጂዳ ከሁላችን በላይ ቻለችበት፤ ሳባቲኖ ቤልጂግ ውስጥ እንዴት እንደከሳ ስትናገር የጫማ ሠሪው ሚስት አለቀሰች። ኤርሲሊያ በሩ ላይ ቆማ ሰማችን። ስለ ጋስፓሬ አባት ጠየቅናት፣ ዶን ኤውሴቢዮ ምን ዓይነት ሰው ናቸው ብለን።

«ዛጎል ቀራጭ ናቸው» አለች። «ዝምተኛ ሰው ናቸው።»

ዝምተኛ ከሆኑ ጥሩ አልን።

እሁድ መጡ። የጋስፓሬ እናት ዶና ኢዮላንዳ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ሐምራዊ ልብስ ለብሰዋል፤ ከትልቁ በር ጀምሮ እስከ ወንበራቸው ድረስ አፋቸው አላረፈም። ጋስፓሬ የትራም ነጂ ልብሱን አስተኩሶ ለብሷል። ዶን ኤውሴቢዮ ከኋላ ገቡ፤ ቀጭን ሽማግሌ፣ እጃቸው ቁጥር ስምንት፣ ጥፍራቸው እንደ ሴት የጸዳ፤ በጣቶቻቸው ጫፍ ላይ የመቅረጫው ጠባሳ አለ። ዓይናቸው ከሰው ፊት ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ፊት ይመላለሳል። ወደድኳቸው። እንደ እኔ የሚያይ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

ዶና ኑንዚያታ የተቀመጠችው ጀርባዋን ለሎሚው ሰጥታ ነው። ጥቁር ጓንቷ ጭኗ ላይ አርፏል። ዶና ኢዮላንዳ ስለ ጓንቱ ጠየቁ፣ የሳሙና ቁስል ነው ተባሉ፣ የሳቸውን እህት ያዳነ ቅባት ነገሩን። ፓስታው ቀረበ፣ ስጋው ቀረበ። ሁላችንም በጣም ሥነ ሥርዓት ያለን ሰዎች ነበርን። ዶና ኢዮላንዳ ዙሪያውን አይተው ለልጃቸው፣ ሁላችንም እንድንሰማ አድርገው፣ «እንዴት ያለ ረጋ ያለ ሕንፃ ነው፣ አንድ ሰው እጁን አያወራጭም፤ የእኛዎቹ ቢያዩ ይማሩ ነበር» አሉት። ጫማ ሠሪው ሳያስበው ሊመልስ ሲል ጠርሙሱን በሁለት እጁ አነቀው።

ከስጋው በኋላ መጠየቅ ያለበት ተጠየቀ፤ ዶና ኢዮላንዳ አባትየውን አነሱ። ዶን አቲሊዮ ተነሥተው ደብዳቤውን አነበቡ። ጥሩ ደብዳቤ ነበር። የዝናቡንም፣ የባቡሩንም፣ የአባትን ልብም ያካተተ ነበር። «በሙሉ ልቤ ፈቅጃለሁ» የሚለው ሲደርስ የዶና ኑንዚያታን ጭን አየሁ። ጓንቱ ውስጥ አራት ጣት ተሰብስቧል። ግን አልተነሣም፤ ቀኝ እጇ ከላይ ተጭኖታል። ዶና ብሪጂዳ ስለ መክሳቱ ጨመረች። ዶና ኢዮላንዳ በመሐረባቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። «በቃ» አሉ፣ «ሰው አባቱን በሥራ ምክንያት ቢያጣ ምን ነውር አለው?» ጋስፓሬ ኤርሲሊያን አየ። ለቃል ኪዳኑ የተዘጋጀው በስኳር የተለበጠ ለውዝ ያለበት ሳህን ወጣ። አልቆ ነበር። እውነቴን ነው፣ አልቆ ነበር።

ያን ጊዜ ዶን ኤውሴቢዮ ጠረጴዛውን በጣታቸው ሁለት ጊዜ መቱ።

ሚስታቸው ዘወር ብለው «ውይ፣ ይቅርታ» አሉን። «አልሰማም እኮ። ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም። ኤርሲሊያ አልነገረቻችሁም እንዴ? ስንቴ በእጁ አጫውቷታል።»

ኤርሲሊያ ለውዙን እያየች ነበር።

ዶን ኤውሴቢዮ ፈገግ ብለው ሁላችንንም በየተራ አዩን፤ ያን ሁሉ ሰዓት አንድም የሚነበብ ነገር ያልሰጠናቸውን ሰዎች። ከዚያ በእነዚያ ንጹሕ እጆቻቸው ጠየቁ። ከላይኛው ከንፈራቸው ላይ የሌለ ሪዝ ጠመዘዙ። ኤርሲሊያን አመለከቱ። መዳፋቸውን ወደ ላይ ገልብጠው ዙሪያውን አዞሩት፣ ቅንድባቸውም ተከተለ። አባቷ። የት ነው?

በአፋችን ብንጠየቅ ኖሮ ሁላችንም እናውቀው ነበር፤ የማዕድኑን ስም፣ የባቡሩን ሰዓት። የተለማመድነው ግን አፋችንን ብቻ ነው። ቤልጂግን በእጅ ማለት ቀላል ነው፤ እጅን ከትከሻ በላይ አሳልፎ ወደ ጣሪያዎቹ መወርወር ነው፣ ሩቅ ማለት ነው። ይህን ያሰብኩት ግን በኋላ ነው። እኛ አገር እጅ በእጅ ሲጠየቅ ጌታውን አያስፈቅድም።

ትሪው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። ጠርሙሱም። ማራገቢያው ተዘጋ፤ የሹራብ መርፌ ድንጋዩ ላይ ወደቀ። መጀመሪያ የተዘረጋው የኤርሲሊያ ጣት ነው። ረጅም፣ ቀጥ ያለ ጣት፣ ቁጥር ስድስት፤ አክስቷ ዘንድ የነበረችው የኤርሲሊያ ጣት። ከእናቷ ትከሻ በላይ አልፎ ወደ ሎሚው፣ ከሎሚው ወደ ማሰሮው፣ ከማሰሮው ወደ ታች። ከዚያ የዶና ብሪጂዳ። ከዚያ እህትማማቾቹ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። ጫማ ሠሪው፣ ሚስቱ። ዶን አቲሊዮ ደብዳቤውን እንደያዙ ነው የጠቆሙት። ባርኔጣዬ እግሬ ሥር ነበር፤ ክንዴን ተከትዬ ሳይ ጠቋሚ ጣቴ ከሌሎቹ ጋር አንድ ቦታ ላይ ደርሷል።

ዶን ኤውሴቢዮ ከጣት ወደ ጣት ሄዱና ሁሉም የሚገናኙበትን አዩ፤ አዲሱን ሲሚንቶ አዩ። ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። ዶና ኢዮላንዳ አፋቸው እንደተከፈተ ባላቸውን ያያሉ። ጋስፓሬ ኤርሲሊያን ያያል፤ እሷ እጇን አላወረደችም።

ዶና ኑንዚያታ ብቻ አልዞረችም። ቀኝ እጇን ከግራው ላይ አነሳች። ጥቁሩ ጓንት ወደ ላይ ይነሣል ብዬ ጠበቅሁ። አልተነሣም። ተሰብስበው የነበሩት ጣቶች አንድ በአንድ ተፈቱ፤ እጁ ጭኗ ላይ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ተዘረጋ፣ እዚያም ጸጥ አለ። የቀለበት ጣቱ ጫፍ፣ ያ ደርቆ የኖረው ቆዳ፣ ዓይኔ እያየ ከውስጥ በገዛ ጣቷ ቀስ ብሎ ሞላ።